የራሱን ጠረጴዛ የሚወለውለው ሰው

ባለፈው ሳምንት አብራችሁን ያልነበራችሁ እንዳትደናገሩ፣ የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ልንገራችሁ። ልጅቷ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሰውየው አርክቴክት ነው። ሁለቱም የሚውሉት በአንድ ቢሮ፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ቢሮው የእናቱ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ልጅቷ ወደደችው፣ እሱም የወደዳት መሰላት፣ ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ናቃት። ወይም ናቀኝ ብላ አመነች። ሆድ ባሳት፤ የቀጠራት የጽዳት ድርጅት ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ እንዲያዛውራት ራሷ ጠየቀች። ድርጅቱም እሺ አለ። የሚወስዳት መኪና የሚመጣው ዛሬ ጠዋት ነው።

በቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም ፏፏቴ ነው የሚላት። ሥራ በጀመረችበት ቀን ቶሎ ላድርስ ብላ ባልዲውን ሙሉ ደረጃው ላይ ብትደፋው፣ ውሃው ከሦስተኛ ፎቅ እየተንደረደረ ወርዶ የዘበኛውን ጫማ አራሰ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቢሮው በሙሉ ደረጃው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ አንድ ሰው ብቻ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ወረደና ባልዲውን አንስቶ ሰጣት። ሲሰጣት ዓይኖቿን አያት። እሷም አየችው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ባልዲ ነው።

ዛሬ ፏፏቴ የመጣችው ከሁሉም ቀድማ ነው። ትልልቅ ደንበኞች ቢሮውን ሊጎበኙ ስለሚመጡ ማዳም፣ ማለትም የቢሮው ባለቤት፣ ወለሉ ፊት እስኪያሳይ እንዲወለወል አዛለች። ምድር ቤት ካለችው የዕቃ መጋዘን በር ላይ እታለም ቆማ ጠበቀቻት። እታለም የጽዳት ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ ናት፤ ወገቧ ሰፊ፣ ድምጿ ደግሞ ከወገቧ የሰፋ።

«ሻንጣሽን እዚህ ተይውና ውጪ» አለቻት። «ሦስተኛውን ፎቅ ለመጨረሻ ጊዜ አሳምሪላቸው።»

«የሱን ክፍል አልነካም።»

«የማንን?»

«እያወቅሽው፣ እታለም።»

እታለም ጨርቆቹን ማደል ጀመረች። ይህን ሥራ ለማንም አትሰጥም። ቀይ ጨርቅ ለመጸዳጃ ቤት፣ ሰማያዊ ለጠረጴዛ፣ አረንጓዴ ለሻይ ክፍል። «ጨርቅ ያቀላቀለች ሴት በሽታ ያከፋፈለች ሴት ናት» ትላለች፤ ብላም አታበቃም፣ የታጠቡትን ሳይቀር እያነሳች ታሸታለች። ዛሬ ግን ሰማያዊውን ጨርቅ ይዛ ቀረች።

«ቆይ፣ ለመሆኑ ልጁን ጠይቀሽዋል?»

«ምን ብዬ ልጠይቀው? ‹ጌታዬ፣ ስለ ምን ናቁኝ?› ብዬ?»

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ» አለች እታለም እየተነፈሰች። «እኔ ሞኟ ደግሞ መኪና አዋስኩሽ።»

ፏፏቴ ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ባልዲዋን አንስታ ደረጃውን ወጣች፤ እያንዳንዱን ደረጃ ስትረግጥ ደህና ሁን የምትለው ይመስል እግሯ ከበዳት።

ከኮሪደሩና ከአርክቴክቱ ክፍል መሀል የመስታወት ግድግዳ አለ። ያን መስታወት ያጸዳችውን ያህል ሌላ ምንም ነገር አጽድታ አታውቅም። እሷ ከውጭ ስትወለውል እሱ ከውስጥ ይስላል፤ እሱ ቀና ሲል እሷ ያላየች መስላ እዚያው ጸድቶ ያለቀውን ቦታ ትደጋግመዋለች። እታለም አንድ ቀን ከኋላዋ መጥታ «አንቺ፣ መስታወቱ ሳስቶ ሊቀደድ ነው» ስትላት በድንጋጤ ባልዲውን ዳግመኛ ልትደፋው ነበር።

የሱን ጠረጴዛ ሁልጊዜ የመጨረሻ ታደርገው ነበር፤ ሕፃን ልጅ ጣፋጩን ጉርሻ ለመጨረሻ እንደሚያስቀምጠው። እርሳሶቹን አንድ በአንድ ታነሳለች፣ ከሥራቸው ያለውን ቦታ ትወለውላለች፣ በነበሩበት አኳኋን ትመልሳለች። አንድም ወረቀት ተዛንፎበት አያውቅም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ብትገባ ጠረጴዛው ተወልውሎ አገኘችው። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንድ ጨርቅ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ቀይ ጨርቅ!

በጽዳት ሠራተኛ ዓለም ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። የመጸዳጃ ቤት ጨርቅ አጥፎ ፊት ለፊቷ ማስቀመጥ ‹አንቺና ይሄ አንድ ናችሁ፣ ዕቃዬን አትንኪብኝ› ማለት ነው። ፏፏቴ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወጣች፤ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ልቅሶዋ ከውሃው ድምፅ በላይ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች አለቀሰች። ማዳም ሠራተኛውን ሰብስባ «ዕቃም ሰውም በየቦታው ነው የሚያምረው» ያለችው በዚያው ሰሞን ነበርና ፏፏቴ ነገር ገጣጠመች። ለካስ ልጅየውም የእናቱ ልጅ ነው፣ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ አታውቅም። ቀዩንም ጨርቅ እሷ እያጠበች ከኋላ በረንዳ ባሰጣችው ቁጥር አንዱ ተመልሶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። እሷም ቂሟን እያጠበች ታሰጣለች።

ዛሬ ያን መስታወት ሳላይ አልፋለሁ ብላ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ፣ ከውስጥ ሽክ ሽክ የሚል ድምፅ ሰማች። ማንም በማይገባበት ሰዓት! ቀና አለች።

አርክቴክቱ መሬት ላይ ተንበርክኳል። እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፣ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮታል፣ አጠገቡ አንዲት ሳህን ውሃ አለች። የጠረጴዛውን እግር በቀይ ጨርቅ ይፈትጋል። እየፈተገም ያንጎራጉራል፤ ያውም ዜማው ጠፍቶበት።

ፏፏቴ ጥላው ልትሄድ ፈለገች፤ እግሯ ግን ወደ በሩ ወሰዳት። እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ገፋ አድርጋ ገባች።

«ምን እያደረጉ ነው?»

ሰውየው ደንግጦ ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ። «ኧረ ጭንቅላቴን! … ፏፏቴ! ዛሬ ቀድመሽ መጣሽ?»

«እንግዳ አለ ተብሎ ነው የመጣሁት። ለመሆኑ የኔ እጅ ምን ቢያደርግዎት ነው?»

«የቱ እጅ?»

«ይሄ! ይሄ እጄ!» ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ አሳየችው፤ ሳሙና የበላቸው፣ ጥፍራቸው ያጠረ እጆች። «ጠረጴዛዎን ሳጸዳ ወረቀት ጠፋብዎት? እርሳስ ተሰበረብዎት? ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ በአፍዎ ይነግሩኝ ነበር እኮ። ሰው በጨርቅ ይሰድባል?»

«እኔ? አንቺን? በጨርቅ?»

«እኔ ዛሬ ሄጄልዎታለሁ። ሌላ ከተማ ነው፣ የሚያዩኝም አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ። እጸየፍሻለሁ ይበሉኝና ልረፍ!»

ሰውየው የያዘውን ጨርቅ ይዞ ቀረ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወርዶ የት እንደገባ እንጃ።

«ትሄጃለሽ?»

«መኪናው እየመጣ ነው።»

«በኔ ምክንያት?»

 መልሷንም ሳይጠብቅ መናገር ጀመረ፤ ከጀመረ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ከእታለም ጋር ደረጃው ላይ ሆነሽ ‹ይቺ ሦስተኛ ፎቅ ወገቤን ቆረጠችው› ያልሽው? ሰማሁሽ እኮ! እኔ ተደላድዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አንቺ እግሬ ሥር አጎንብሰሽ… አላስቻለኝም። የራሴን ጠረጴዛ ራሴ ባጸዳው ቶሎ ትጨርሺያለሽ፣ የተረፈሽን ጊዜ እዚህ ቁጭ ብለሽ ታርፊያለሽ፣ እናወራለን ብዬ ነበር። ያንን ወንበር ይኸው በየቀኑ ላንቺ ሳብ አድርጌ አስቀምጣለሁ። አንቺ ግን ጠረጴዛው መጽዳቱን ስታዪ ፊትሽን አዙረሽ ትሄጃለሽ። እኔ ደግሞ ‹አልወደደችኝም፣ አታስቸግራት› አልኩ። ግን ማጽዳቱን መተው አቃተኝ። ላንቺ የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝማ!»

ፏፏቴ ወንበሩን አየችው። ግራጫ ወንበር ነው። በየቀኑ ከጠረጴዛው ተስቦ በሩ አጠገብ ታገኘው ነበር።

«ወንበሩን…» አለች። «እኔ እኮ ሰው ትቶት የሄደ መስሎኝ ሁልጊዜ ወደ ቦታው እመልሰው ነበር። ከበሩ ሳላልፍ እጄን ሰድጄ እየገፋሁ!»

«አውቃለሁ። ተመልሶ ሳገኘው ‹ይኸው መልሷ› እል ነበር።»

«አንተ ሞኝ!» አለችው። አንተ! እስከዛሬ እርስዎ ሲል የኖረ አፏ ነው፤ ልትመልሰው ብትልም ቃሉ ወጥቷል፣ ደግሞም ማን ሊቆጭበት! «አንተ ሞኝ፣ እኔ ይህን ጠረጴዛ የመጨረሻ የማደርገው ለምን መሰለህ? ከሁሉ የሚከብደኝ ፎቁ ነው፣ የማርፍበት ደግሞ ይሄ ጠረጴዛ ነበር። ዕረፍቴን እኮ ነው የወሰድክብኝ!»

 በመሀላቸው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም በጣም የጸዳ።

ፏፏቴ በእንባዋ መሀል ቀዩን ጨርቅ አየችው። አሁንም ሊገባት ያልቻለው እሱ ነበር።

«ታዲያ ይሄንን ለምን አጥፈህ ፊቴ ታስቀምጥልኛለህ?»

«ካጸዳሁ በኋላ እንዳትቸገሪ ነዋ። በሥርዓት መልሼ ልስጥሽ ብዬ። ከኋላ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ አየሁት፤ ከሁሉም ቀለሙ እሱ ያምራል። ሰማያዊዎቹ ትንሽ ደብዝዘዋል።»

«ያምራል?»

«ምን አጠፋሁ?»

«የመጸዳጃ ቤት ነው!»

«ምኑ?»

«ቀዩ! ቀዩ የመጸዳጃ ቤት ጨርቅ ነው!»

አርክቴክቱ ጨርቁን አየ። ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ከፊቱ አራቀው። «እኔ እኮ…» አለ በቀጭኑ፣ «ምሳዬን የምበላው እዚህ ላይ ነው።»

ፏፏቴ አፏን ያዘች። አልሆነላትም። ሳቁ ከሆዷ ተነስቶ እንደዚያ ቀን ውሃ እየተንደረደረ ወጣ፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እየፈሰሰ ሳቀች። እሱም መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ፣ በኋላ ከሷ ብሶ ቁጭ ብድግ እያለ ሳቀ። ያ ሁሉ ቂም፣ ያ ሁሉ የቧንቧ ሥር ልቅሶ በሳቅ ታጥቦ ሲሄድ ደረቷ ሲቀልላት ተሰማት። ወደደችው። ያኔ ከነበረውም አብልጣ ወደደችው፤ የምትወደው ሰው ለሷ ብሎ በመጸዳጃ ቤት ጨርቅ ጠረጴዛ የሚወለውል ሞኝ ነውና።

«ምንድነው ይሄ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ለእንግዶቹ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላ። ልጇን ከእግር እስከ ራስ ቃኘችው፤ የተጠቀለለውን እጅጌ፣ የራሰውን ጉልበት፣ ትከሻው ላይ የተወረወረውን ክራቫት። አርክቴክቱ ቀዩን ጨርቅ ከጀርባው ደበቀ።

በዚያው ቅጽበት ከታች የመኪና ጡሩምባ ጮኸ።

ማዳም የሁልጊዜ ልማዷን አደረገች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችበትና አየችው። አቧራ የለም። «እንዲህ ነው እንጂ» አለች፤ ጣቷንም ወደ ከንፈሯ ወሰድ አድርጋ ማሰብ ጀመረች።

«ማዳም!» ፏፏቴ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ?»

«እጅዎን… እባክዎን እጅዎን ይታጠቡ።»

«ምን አልሽኝ አንቺ ልጅ?»

«በሳሙና፣ ማዳም።»

 አርክቴክቱ ጨርቁን ከጀርባው አወጣ። «እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠረጴዛውን ይህን ሁሉ ጊዜ የማጸዳው እኔ ነኝ። የወሰድኩት ጨርቅ የመጸዳጃ ቤት ሆኖ ተገኘ።»

«ማን ነው የሚያጸዳው?»

«እኔ።»

«አንተ?» ማዳም ጣቷን ረሳችው። «አንተ ጨርቅ ጨምቀህ? አንተ ውሃ ቀድተህ? ቤት ውስጥ የጠጣህበትን ብርጭቆ ካስቀመጥክበት አንስተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«እኔ እናትህ ‹ልጄ፣ ካልሲህን እንኳ ከመሬት አንሳልኝ› እያልኩ ስለምንህ አልነበር የኖርኩት? ታዲያ ምን ተገኘና…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ፏፏቴን አየቻት። መልሳ ልጇን አየችው። እናት ናትና ማንም ሳይነግራት ገባት፤ የገባትም ነገር እንደ ቅናትም እንደ ሐዘንም ሆኖ በፊቷ ላይ አለፈ።

«እወዳታለሁ» አለ ልጁ።  «ላንቺም ዛሬ ነው የምነግርሽ፣ ለሷም ዛሬ ነው የምነግራት።»

ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ።

ማዳም ወደ ፏፏቴ ዞረች። «አንቺስ? መኪናው አንቺን ነው አሉ የሚጠብቀው። ማን አስገደደሽ?»

ፏፏቴ እስከዛሬ በማዳም ፊት ‹እሺ› እና ‹አቤት› ከማለት በቀር ቃል ተንፍሳ አታውቅም። አሁን ግን ከዚህ ጠዋት በኋላ ሌላ ጠዋት የላትም። ዝም ካለች ዝምታዋን ይዛ መኪናው ላይ ትወጣለች።

«ዕቃም ሰውም በየቦታው ነው ብለው ነበር» አለች። «እኔም ቦታዬን ፈልጌ ነበር የምሄደው። የሚጸየፈኝ መስሎኝ። ልጅዎን ግን እወደዋለሁ፣ ማዳም። ከባልዲው ቀን ጀምሮ እወደዋለሁ። ቢቆጡም እወደዋለሁ።»

ብላ ስትጨርስ ጠረጴዛውን ያዘች።

ማዳም ወለሉን አየች። «ያን ነገር የተናገርኩት ስለ ዕቃ ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ግን ስለ ሰውም ነው የተናገርኩት። አልዋሽሽም፣ አሁንም አልተዋጠልኝም። ልጄን የምጣላው ግን በቤቴ ነው እንጂ በሥራ ቦታ አይደለም።» ወደ በሩ ሄደችና ዞር አለች። «በሳሙና አልሽኝ አይደል? ጎሽ። እኔን እጅሽን ታጠቢ የሚለኝ ሰው በዚህ ቢሮ አልነበረም። ብትሄጂም ብትቀሪም፣ ያንን ጠረጴዛ እንደ ወጉ አጽጂልኝ፤ እንግዳ ሊቀመጥበት ነው።»

የጫማዋ ድምፅ በኮሪደሩ ራቀ። ቀጥሎ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ተሰማ፤ ለረጅም ጊዜ ወረደ።

አርክቴክቱ አልነካትም፣ መንገዱንም አልዘጋባትም። «አልይዝሽም» አለ። «ሌላ ከተማ ብትሄጂም እከተልሻለሁ፤ ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም፣ አድራሻ መጠየቄ ነው። ግን ብትቀሪልኝ…» ብሎ ግራጫውን ወንበር አየ።

ጡሩምባው ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁንስ በቁጣ ረዘም አድርጎ ጮኸ። ፏፏቴ ሮጠች። ወደ ደረጃው አልነበረም የሮጠችው፤ ወደ መስኮቱ ነው። በራሷ እጅ ስንት ጊዜ ያጸዳችውን መስኮት በረገደችና ግማሽ አካሏን አውጥታ ወደ ታች ተጣራች።

«እታለም! እታለም! አልሄድም በይልኝ!»

እታለም ከመኪናው አጠገብ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ፣ ያ ሰፊ ድምጿ መንገዱን እስኪሞላው ጮኸች።

«ሻንጣሽን መቼ ጫንኩትና! መጋዘን ውስጥ ቆልፌበታለሁ! አንቺ ብቻ ጠረጴዛውን በሰማያዊው አጽጂ!»

ፏፏቴ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ መስኮቱን ዘጋች። ባልዲዋን ሳበች። ጠረጴዛውን መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በጀርም ማጥፊያው ፈሳሽ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ አጠበችው። አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ለራሷ ያዘች፣ አንዱን ደግሞ እጁን ታጥቦ ለመጣው ሰው ወረወረችለት።

«ደብዝዟል» አላት እያገላበጠ።

«ዝም ብለህ ወልውል።»

እሱ ከዚያኛው ጫፍ፣ እሷ ከዚህኛው ጫፍ ጀመሩ። ቀስ እያሉ ተቃረቡ፤ መሀል ላይ ጣቶቻቸው ተገናኙ። ሁለቱም እጆች እርጥብ ነበሩ፣ ሁለቱም ሳሙና ሳሙና ይሸቱ ነበር፣ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየትም የቸኮለ አልነበረም። ከታች እንግዶቹ መምጣታቸውን የሚነግር የመኪና በር ተዘጋ።

ፏፏቴ ጨርቋን አጠፈች። ግራጫው ወንበር እንደ ሁልጊዜው ተስቦ በሩ አጠገብ ቆሟል። ልማድ ሆኖባት እጇን ልትገፋው ሰደደች።

ከዚያ እጇን መለሰችና ተቀመጠችበት።